የእትዬ አክበረት ፊትና የተክላይ ሌንስ

ይህን ፎቶ እዩት። ሙሽራዋን ተዉአት፤ እሷን ያላያት የለም። ሚዜዎቹንም ተዉአቸው። በቀኝ ጠርዝ፣ ፎቶው ሊያልቅ ሲል፣ የወጥ ድስት ያቀፈ አንድ ክንድ አለ። እጅጌው ተጠቅልሏል፤ ከትከሻው በላይ ያለው ተቆርጧል። ያ ክንድ እትዬ አክበረት ናት። ውቤ በረሃን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርግ ስታበላ ኖራ ያተረፈችው ፎቶ ይህን የመሰለ ነው።

ያነሳው ተክላይ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት ፎቶ ቤት አለችው። አዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ ሠርግ ለሠርግ ይዞራል። ያስተማረው ሰው የለም፤ የተበላሹ ካሜራዎች እየፈታ፣ እየገጠመ ነው የለመደው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለምወቅሰው ነው፤ እሱን ስወቅስ ደግሞ እኔም አልቀርም፣ እናንተም አትቀሩም።

እትዬ አክበረት ወጥ ሠሪ ነበረች። በልጅነቷ ከአዲግራት መጥታ እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ወለደች። ተክላይን «ወደይ» ነበር የምትለው፣ ልጄ ስትል። ስትስቅ ድንኳኑ ይሰማታል። ካሜራ ካየች ግን ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ትሸፍናለች።

«እትዬ፣ አንዴ ቀና በይ እንጂ!»

«በሽርጥ? ሂድ ወደዚያ!»

«ሽርጡ አይታይም፤ ፊትሽን ብቻ ነው።»

«ፊቴም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ለብሼ የመጣሁ ዕለት ታነሳኛለህ፣ ወደይ።»

ለብሳ የምትመጣበት ዕለት ከየት ይምጣ? ሰው የሚለብስበት ቀን ሁሉ እሷ የምትሠራበት ቀን ነው። ሠርግ ሲሆን ድስት ሥር ናት። ክርስትና ሲሆን ድስት ሥር ናት። ጥምቀት ሰፈሩ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ እሷ ለሚመለሰው ሰው ሽንኩርት ታቁላላለች። ይህን ተክላይ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በልተናል እኮ! እጃችንን ያስታጠበችን፣ «ጨምሩ እንጂ፣ ምነው?» ያለችን እሷ ናት። አንዳችንም ግን «ዛሬ አንቺ ተቀመጪ» አላልናትም።

ባለፈው ታኅሣሥ ተክላይ አንድ ነገር ቆረጠ። ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ገዝቶ፣ ከድንኳኑ ማዶ ቆሞ፣ ሳታየው ፊቷን ሊያነሳ። «እሰርቃታለሁ» አለኝ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ጉዱ የመጣው ምርጫው ላይ ነው።

አብረን ሸፊቃ ዘንድ ሄድን። ሸፊቃ ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ሁለት ሌንስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አቆመችለት። ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ዋጋቸውም አንድ። የመጀመሪያው ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ሲያቀርብ ግን ቁመቱ ንቅንቅ አይልም፣ ሥራውን የሚሠራው ሆዱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከመቶ እስከ አራት መቶ ነው። ሲስቡት ከውስጡ ሌላ ቱቦ እየወጣ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሚያስገባው ብርሃን እያነሰ ይሄዳል።

«የምትሠራው የት ነው?» አለችው።

«ሜዳ ላይ። ጥምቀት፣ መስቀል…»

«ጥምቀት በዓመት አንዴ ነው። ሌላውን ቀንስ?»

«ሠርግ።»

«ሠርጉ የት ነው?»

«ድንኳን ውስጥ ነዋ።»

«ስንት ሜትር ይሆናል ድንኳኑ?»

«ቢበዛ አሥራ አምስት።»

«ታዲያ አራት መቶ ምን ይሠራልሃል? የሙሽራዋን ጥርስ ልትነቅል ነው?»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«ስማኝ ተክላይ፤ ሌንስ ፀሐይ በሞላበት ቀን አስበህ አይገዛም። ብርሃን የሚያጥርህን ቦታ አስበህ ነው የሚገዛ። ሸራ ሥር ብርሃን የታለ? ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምልህም።»

«ይሄኛው ማረጋጊያ አለው አይደል?» አለ ረጅሙን እየሳበ፣ እየመለሰ።

«አለው። የሚያረጋጋው ግን ያንተን እጅ ነው። የሚሮጥ ሰው አያቆምልህም።»

ከዚህ በላይ ምን ትበለው? ተክላይ ግን ረጅሙን ወሰደ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ይህቺን ከተማ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ፎቶ አንሺን የምንመዝነው በሌንሱ ቁመት ነው። የሠርግ ዘመድ ተሰብስቦ «ያ እየረዘመ የሚሄድ ካሜራ ያለው ልጅ ይምጣልን» ነው የሚለው። ሆዱ ውስጥ የሚሠራውንማ ማን ያየዋል? ለእትዬ አክበረት ብሎ ሱቅ የገባ ሰው ለሰው ዓይን ብሎ ወጣ። እኔም አጠገቡ ቆሜ «ያስፈራል በናትህ!» ብዬ አደነቅሁለት።

ጥር ላይ የአንድ ጎረቤት ልጅ ተዳረች። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ፤ ሸራው አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ የቆመ ሰው ሁሉ ሐሞት የመሰለ ቀለም አለው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ተክላይ በአንደኛው ጫፍ፣ እትዬ አክበረት በሌላው ጫፍ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ቀለጠ። እሷም ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና አለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ፊቷ ተከፍቶ፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ እልል እያለች ሳቀች። ተክላይ ሌንሱን እስከ ጫፍ ስቦ አራት ጊዜ አነሳት። ከዚያ በአውራ ጣቱ «ሰረቅኋት» የሚል ምልክት አሳየኝ።

ማታውኑ ደወለልኝ። «ፈዝዟል» አለኝ። «አራቱም ፈዝዘዋል።»

«ታዲያ ሌንሱን መልሰው።»

«ሌላ ሠርግ አለ እኮ፣ ምን ያስቸኩላል።»

ሌላ ሠርግ አለ! ሌላ ሠርግማ ሁልጊዜ አለ። ሰው ነው የማይኖረው።

ሚያዝያ ሃያ ስድስት ጠዋት እትዬ አክበረት ሽንኩርት እየላጠች ደም ግፊት ጣላት፤ አልተነሳችም። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ተባለ። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ልጇ ዊንታ ተክላይ ፎቶ ቤት መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለም። ጥቁር ሻሿን እንኳ በደንብ አላሰረችም።

«ጋሼ ተክላይ፣ የእማዬን ፎቶ ስጠኝ። አንድ ይበቃኛል። ፊቷ የሚታይበት።»

«ስልክሽ ላይ የለሽም?» አልኳት እኔ፣ የማይባለውን።

«ሁሉም ላይ ነጠላ ናት» አለች። «ሰው ምን አይቶ ያልቅስላት? ድንኳኑ ተተክሏል።»

ተክላይ አላመነታም። የአሥራ አንድ ዓመት ሠርግ አለው፤ እትዬ አክበረት ያልሠራችበት ጥቂት ነው። ሦስታችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። አንዷን ሙሽራ ስድስት መቶ ጊዜ አንስቷታል። ኬክ፣ ጫማ፣ ቀለበት፣ የመኪና አበባ። እትዬ አክበረት ጀርባዋ ተገኘ። እጇ ተገኘ። ጎንበስ ብላ አናቷ ተገኘ። አንድ ቦታ ላይ ፊቷ ሙሉውን አለ፤ ከሙሽራዋ ትከሻ በስተኋላ፣ እንደ ቅቤ ቀልጦ። «ይሄ ሆን ተብሎ ነው» አለ ተክላይ ቀስ ብሎ፣ «ከኋላ ያለው እንዲደበዝዝ ደንበኞች ይወዳሉ።» እውነቱን ነው፤ እንወዳለን። ከኋላ ያለው ሰው መሆኑን ግን ማናችን ጠየቅን?

አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። ተክላይ የጥሩን ሠርግ ፎቶ እየዘለለው መሆኑን አየሁ። ዊንታም አየች።

«እሱን ክፈተው።»

ከፈተው። አራቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። የእናቷ ፊት ገና ሳይደርቅ በጣት የተጠረገ ቀለም ይመስላል። ዓይን የት እንዳለ፣ ሳቁ የት እንዳለ ለይቶ መናገር አይቻልም። እንደሷ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይቆምማ! ዝም ብሎ የቆመው ነገር ሁሉ ግን ቁልጭ ብሎ አለ፤ ወንበሩ፣ የለስላሳው ሣጥን፣ የሸራው ስፌት ሳይቀር።

ዊንታ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «የድንኳኑ ምሰሶ እንዴት ጥርት ብሏል፣ ጋሼ» አለች።

ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ተክላይ ተነሥቶ በር ላይ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

የቀረው ዊንታ የያዘችው የእናቷ የቀበሌ መታወቂያ ነበር። ለአዲሱ መታወቂያ «ሥራ የሌለኝ ቀን» እያለች ሳትነሳ ቀርታለች። አሮጌው ላይ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማህተሙ ከጉንጯ እስከ አፏ ሐምራዊ ሆኖ አርፏል። ተክላይ አጎላው፣ ማህተሙን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ማህተሙ ሲጠፋ አፏም አብሮ ጠፋ። እንዳለ አተመው።

ዊንታ እሱን ታቅፋ ድንኳን ገባች። የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ ጎረቤት ፎቶውን አየችና አጠገቧ ወዳለችው ዞር ብላ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ አላወቀቻትም፣ በቃ። ዊንታ ሰማች። ፎቶውን ገልብጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ እስከ ቀብሩ ድረስ ለማንም አላሳየችም። እናቷን ያለ ፊት ቀበረቻት።

ተክላይ በሳልስቱ ሌንሱን ይዞ ሸፊቃ ዘንድ ሄደ። ነገሩን ሰምታለች። ሰፊ አፍ ያለውን አውጥታ ለወጠችለት። ያቺ ሴት ዝም ስትል የዚያን ቀን ነው ያየሁት። አሁን ተክላይ ሠርግ ሲሄድ መጀመሪያ ጓዳ ይገባል፤ ወጥ ሠሪዎቹን፣ እንጀራ አቅራቢዎቹን፣ ድስት አጣቢዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ባለፈው እሑድ አንዱ ሙሽራ «የከፈልንህ ለእነሱ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። ይጩኽ። የተክላይ ጸጸት ግን ለዊንታ ምን ይረባታል? አርባው እየመጣ ነው፤ ልጅቱ እስካሁን የምትይዘው ፊት የላትም። ማታ ማታ የእናቷ ፊት ከዓይኗ እየጠፋ እንደሆነ ነግራኛለች። «ሳቋን እሰማዋለሁ፤ አፏ ግን አይመጣልኝም» ነው ያለችኝ።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ። ውቤ በረሃ የተዳራችሁ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሳችሁ፣ የሰፈሩ ግማሽ ሲፈርስ አልበማችሁን ሸክፋችሁ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተናችሁ ሁሉ፣ አልበሙን አውጡት። የአጎታችሁ ልጅ በስልኩ የቀረጸውንም ቪዲዮ ክፈቱ። ለአንድ ቀን ራሳችሁን አትዩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባት ሴት ፈልጉ። ካገኛችኋት ተክላይ ፎቶ ቤት አምጡልን፤ ጥርት ባይልም፣ ሽርጥ ለብሳም ቢሆን ግድ የለም። አርባዋ ሰኔ አምስት ቀን ነው። እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ፈልጉ።