ሰኞ ስብሰባ ላይ የገባው ጦጣ

በኮቪድ ጊዜ፣ ውጭ አገር፣ ኪልበርን ካለው የእናቴ ቤት ሆኜ፣ ሩቅ አገር ሞቃታማ ደን ውስጥ ለሚገነባ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ግድብ ዲዛይን እሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ግድቡ ጋ ካለው መሐንዲስ ጋር በዙም ስንነጋገር፣ አለቃዬም እየሰማ፣ እናቴ ምሳዬን ይዛ ገባች። ስክሪኑን አየት ስታደርግ ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ኧረ ልጄ፣ ንገሪው! ከኋላው ጦጣ!»

ማይኩን አልዘጋሁትም ነበር። መሐንዲሱ አማርኛው ባይገባውም ድንጋጤዋ ገብቶት ዞር አለ። ጦጣው በመስኮት ገብቶ ሳንድዊቹን ይዞበታል። መሐንዲሱ ሊቀማው ሲዘል ወንበሩ ተገለበጠ፤ ጦጣው ወደ ደኑ ሸሸ። ኮስታራው አለቃዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ካሜራውን አጠፋ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እናቴ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ «አይዞህ ልጄ! ሌላ የሚበላ አለህ?» አለችው። ተረጎምኩለት። እየሳቀ ብስኩቱን አሳያት።

ከዚያ ወዲህ ከእኔ በተማራት አማርኛ «እማማ አሉ?» ሳይል ስብሰባ አይጀምርም። እሷም ወንበር ስባ ከጎኔ ትቀመጣለች። በኮቪድ ተዘግቶ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ደግሞ እዚያ ላገኘችው ሁሉ «ግድባችን ደህና እየሄደ ነው» ማለት ጀመረች። ሰው የዓባዩ ግድብ እየመሰለው ይመርቃታል፤ እሷም አሜን ትላለች።