አገልግሉን ሳይከድን የተወው

አሰላ መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ሴት የበቆሎ ቅቅል ትሸጣለች። ድስቷን ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ሻላ ትዝ ይለኛል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሻላ ፍልውሃ ይዘውኝ ሄዱ። ውሃው ከድንጋይ ሥር እየፈላ ይንተከተካል፤ ጭሱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አባቴ ሁለት እሸት በቆሎ በገመድ አስረው ከሚፈላው ውስጥ ከተቱና ቀዝቀዝ ካለበት በኩል እግራቸውን ነክረው ተቀመጡ። እኔ ሐይቁ ላይ የቆሙትን ቀያይ ወፎች ሳይ ከርከሮ ከኋላችን መጥቶ የምሳችንን አገልግል ገለበጠ። ዳቦውን አንድ ሳያስቀር በላው። ርቦኝ ስለነበር ድንጋይ አነሳሁ።

"ተው፣" አሉኝ አባቴ። "እሱ ቤቱ ነው፤ እንግዶቹ እኛ ነን። ይልቅ አገልግሉን ሳትከድን የተውከው አንተ ነህ።"

"እርስዎ ነዎት እንጂ አባባ።"

ሳቁ። በቆሎውን ስበው አውጥተው ትልቁን ሰጡኝ። ከርከሮው ጅራቱን አቁሞ ሲሄድ እያየን ጋጥን።

እስኪሞቱ ድረስ አንተ ነህ እንዳሉኝ ኖሩ። እኔም እሺ አላልኩም፤ አሁንም አልልም።

ዛሬ ሴትዮዋን፣ "ልጄ፣ ትልቁን ስጪኝ፤ ድስትሽንም ክደኚ፣" አልኳት።

"ማን ይወስደዋል ብለው ነው አባባ?"

"አንቺ ከርከሮ አታውቂም፣" አልኳት።