ቀን ያልተጻፈበት መልቀቂያ

ፓቭሊና ጓደኛዬ ናት፤ ግን ታናድደኛለች። አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ምድር ቤት ኮሌታ እሰፋለሁ፣ እሷ ፎቅ ላይ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቀምጣ የሁላችንን ፋይል ትይዛለች። ይሄ አልበቃ ብሏት በአርባ ዓመቷ ማስተርስ ካልተማርኩ አለች። የትምህርቱ ስም ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የሰው ሀብት አስተዳደርና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማችን ከሽቲፕ በአውቶቡስ ዋና ከተማው ስኮፕዬ ሄዳ ስለ ሠራተኛ መብት ትማራለች። ሰኞ ተመልሳ ያንን የተረገመ መሳቢያ ትቆልፋለች።

መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ የለም። የፋብሪካው ባለቤት ኦርዳን ሴት ሲቀጥር ሁለት ወረቀት ያስፈርማል። አንዱ የቅጥር ውል ነው። ሌላው «ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ይላል፤ ስም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን የለውም። አንዷ ያረገዘች ወይ የታመመች ወይ አፏን የከፈተች እንደሆነ ኦርዳን ወረቀቷን ያወጣና ቀን ይጽፍበታል። በቃ፣ በገዛ ፈቃድሽ ለቀሻል። ሁላችንም ፈርመናል፤ ፓቭሊናም ጭምር።

«አንቺ ሴትዮ፣» አልኳት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ቅዳሜ ሕግ ትማሪያለሽ፣ ሰኞ የሌባ ቁልፍ ትይዣለሽ። ትንሽ አታፍሪም?»

«አፍራለሁ» አለች ቂጣዋን እየቆረሰች። «የምማረውም ለዚሁ ነው።»

«ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር!»

«ባል ዲግሪ አይሰጥም።»

እንግዲህ እንዲህ ናት። ኦርዳን ያላገባች ልጃገረድ ካልሆነች አይቀጥርም ነበር፤ ባልና ልጅ የሌላት ቅዳሜም ግቢ ስትባል እምቢ አትልም ብሎ። እኛ ከተቀጠርን በኋላ አንድ በአንድ አገባን። እሷ የታመመች እናቷን ስታስታምም ቀረች። ስንቱን ወንድ አምጥተንላታል መሰላችሁ! እሷ እቴ።

የካቲት ላይ ወገቤ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ የሦስት ሳምንት ዕረፍት ጻፈልኝ። ባሌ ከሥራ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ የቤቱ እንጀራ በኔ መርፌ ላይ ነው። ዕረፍቴን ጨርሼ በተመለስኩበት ጠዋት ኦርዳን ፎቅ አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ፓቭሊና አጠገቡ ቆማለች።

«ዛጎርካ፣ አንቺ እኮ ለቀሻል» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ቀኑን የጻፈው ከመታመሜ አንድ ቀን በፊት አድርጎ ነው። ፓቭሊናን አየኋት። ቁልፉን ሰጠችው ማለት ነው! እዚያው ፀጉሯን ብነጨው ደስ ባለኝ።

«ጋሼ ኦርዳን፣» አለች ረጋ ብላ፣ «ዛጎርካ አርሶቫ ማን ናት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ይቺ ናታ!»

«ይቺማ ዛጎርካ ዳንቼቫ ናት። ስታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን ከያዘች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። መታወቂያዋም የደሞዝ ወረቀቷም ዳንቼቫ ነው የሚለው። ባለፈው ወር ለቀቅኩ ብላ የጻፈች ሴት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በተወችው ስም ፈረመች? ዳኛው ይጠይቅዎታል።»

ኦርዳን ወረቀቴን ወደ ጎን ገፋው። «የሌሎቹስ?»

«ያላገባች ካልሆነች አልቀጥርም ያሉት እርስዎ ነዎት። መሳቢያው ውስጥ ያለው የአባት ስም ብቻ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወገቤ እስኪነዝረኝ ሳቅኩ። ኦርዳን መሳቢያውን እንዳለ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ እያነሳ ያሳያታል፣ እሷ ትመልሳለች።

«ይቺስ?»

«አግብታለች።»

«ይቺ?»

«አግብታለች። የሁለት ልጆች እናት ናት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ላይ ደረሰ። አልጠየቃትም። ፈገግ አለና እስክሪብቶውን አነሳ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት፤ ፓቭሊና ማነቫ። የአባቷ ስም። አሁንም ስሟ ያው ነው። ኦርዳን የዚያኑ ዕለት ቀን ጻፈበት።

ደረጃው ላይ ክንዷን ያዝኳት። «ያንቺ ብቻ እንደሚሠራ ታውቂ ነበር?»

«የመመረቂያ ጽሑፌን ከጀመርኩ ጀምሮ።»

«ቁልፉ በእጅሽ! ያንቺን ቀደሽ አትጥይውም ነበር?»

«ሰነድ ማጥፋት ወንጀል ነው፣ ዛጎርካ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ተምረነዋል።»

ኧረ በማርያም! ሰው እንዲህ ይደርቃል? እየጮህኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሰደብኳት። እሷ መሐረብ አውጥታ ሰጠችኝና የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ውረጂ፣ ማሽንሽ ጋ ሂጂ» አለችኝ። «ሩብ ሰዓት አርፍደሻል። ምክንያት አትስጪው።»

ወረድኩ። የዚያን ቀን የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ ጠማማ ነበር።