የኮርቻ ሰፊው የአምስት ቀን ዕረፍት

ጋሽ ወስፌ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ላይ ሲወጣ፣ መሪዋ ልጅ በጃኬቱ ባትይዘው ኖሮ በዚያኛው በኩል ይወርድ ነበር።

«አባባ፣ ከዚህ በፊት ጋልበው ያውቃሉ?» አለችው፣ የጫማውን ጫፍ እርካቡ ውስጥ እያስገባች።

«በልጅነቴ።»

«ፈረሷ ግን አላመነችዎትም» አለች ልጅቷ። አብረው የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ከኋላ ሳቁ።

ፈረሷ ልክ ነበረች። ጋሽ ወስፌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኮርቻ ሰፋ እንጂ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ደንበኞች «አንተም ትጋልባለህ መቼም» ሲሉት «በልጅነቴ» ይላል። መጀመሪያ የሰውን አፍ ለመዝጋት ያላት ቃል ነበረች፤ ኋላ ግን እሱም ራሱ ሊያምናት ምንም አልቀረውም።

የሚሠራበት ቤት መሃል ላይ አንድ የእንጨት ፈረስ ቆሟል። አንገትም ጭራም የለውም፤ አራት እግርና ጀርባ ብቻ ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ኮርቻ ሁሉ እሱ ላይ ይጫናል፤ በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል፤ ከግራም ከቀኝም ይታያል፤ ከዚያ «አለቀ» ይባላል። ማንም ግን አይቀመጥበትም። የቤቱ ሕግ ነው። የዛሬዋ ባለቤት አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አዲስ ኮርቻ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው የገዛው ሰው ነው፤ እኛ ተቀምጠን ብንሸጥለት የጠጣንበትን ብርጭቆ ሳናጥብ እንደ መስጠት ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቤት የወጣ ኮርቻ በሙሉ የሰው ክብደት ሳያርፍበት ነው የወጣው። እንዲህም ሆኖ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ኮርቻ ተመልሶ አልመጣም። የጋሽ ወስፌ እጅ ነበረና።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ የፈረስ ግልቢያ ማረፊያ ደብዳቤ መጣ። ካሠራናችሁ ስድስት ኮርቻዎች ሦስቱ ፈረሶቻችንን ገጣባ አደረጉብን፤ ትከሻቸው ሥር ተልጦ ቆስሏል ይላል። ባለቤቷ ሠራተኛውን ሰብስባ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችና ቀና አለች።

«ስፌቱ የጋሼ ነው። የጋሼን ስፌት ተጠራጥሬ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። አሞላሉ ነው።»

የኮርቻውን የውስጥ ትራስ በበግ ጠጉር የምትሞላው አንዲት ሴት ናት። ጠጉሩን ስታፍታታ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን ባዘቶ ይሏታል። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ አንድ ነገር ለሚላት ሰው ሁለት የምትመልስ ሴት ናት። ያን ቀን ግን እጅጌዋ ላይ የተጣበቀውን ጠጉር ለቀም ለቀም አደረገች እንጂ ትንፍሽ አላለችም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ትሠሪያለሽ» አለቻት ባለቤቷ። «ሰኞ ሌላ ሰው ይገባል።»

ጋሽ ወስፌም ዝም አለ። እሱ ዝም ያለበትን ግን ያውቀዋል። ከስምንት ወር በፊት አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከቀኝ እጁ አምልጦ ወድቆ ነበር። ብርጭቆው ተሰበረ፤ እሱ ግን እጁ ባዶ መሆኑን ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው። ሐኪሙ ጭንቅላትህ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታለች አለው፤ ክኒን አዘዘለት፤ «ቀለል ያለ ነው፣ ዕድለኛ ነህ» ብሎም ሸኘው። እጁ ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰ። ይጨብጣል፣ ይይዛል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ግን አቃተው፤ ስለዚህ ሹራብ መልበስ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም።

ኮርቻ የሚሰፋው በሰም በታሸ ክር፣ በሁለት መርፌ ነው። አንዱን ቀኝ እጅ፣ ሌላውን ግራ እጅ ይስባል፤ ሁለቱም እኩል መሳብ አለባቸው። ጋሽ ወስፌ እኩል የሳበ ይመስለው ነበር። ደብዳቤው የተነበበ ዕለት ግን ቀኝ እጁን ጨበጥ ዘርጋ እያደረገ ተመለከተው።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አንድ ተስፋ ብቻ አገኘ፦ ጥፋቱ የጋላቢዎቹ ቢሆንስ? አላዋቂ ሰው ፈረሱ ላይ እንደ ከረጢት ተዘርግፎ ከሆነስ? እንደዚያ ከሆነ እሱም ባዘቶም ይተርፋሉ። ይህን ለማወቅ ደግሞ የእንጨቱ ፈረስ አይረዳም። በመሥሪያ ቤቱ ዕረፍት ወስዶ ልጄ ጋ እተኛለሁ አለ፤ ወደ ማረፊያው ደውሎ ደግሞ ለጀማሪዎች የሚደረገው የአምስት ቀን ጉዞ ላይ ተመዘገበ። እውነቱን ለልጁ ብቻ ነገራት፤ እሱንም ግማሹን።

«አባዬ፣ ፈረስ? ሰው ዕረፍት ሲወጣ እኮ ያርፋል!»

«እኔም ተቀምጬ ነው የምሄደው፤ ምን ያደክመኛል ብለሽ ነው?»

ልጁ ስቃ ቦርሳውን አዘጋጀችለት። የቆዳ ወስፌውንና የሰሙን ክር ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ እንደያዘ አላየችም።

ሦስቱ ገጣባ ያደረጉ ኮርቻዎች በማረፊያው የፈረስ ጋጣ ግድግዳ ላይ ለብቻቸው ተሰቅለዋል፤ እንዳይሳሳቱም ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸዋል። ጋሽ ወስፌ የመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አያቸው። በጎን በሚወርደው ቆዳቸው ሥር የራሱን ምልክት፣ ትንሿን ግማሽ ጨረቃ፣ ቀርቦ ለማየት ድፍረት አጣ።

መጀመሪያ በሌላ ኮርቻ ሦስት ቀን ተማረ፤ መማር ከተባለ። ያቺ ያላመነችው ፈረስ፣ ዳማ ባዝራ፣ አሮጊት ናት፤ ጀማሪውን ሁሉ ተሸክማ ስለምታሳድግ እማማ ይሏታል። ሶምሶማ ስትጀምር እሱ ወደ ላይ ሲሄድ እሷ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ታች ሲመጣ እሷ ወደ ላይ ትሆናለች፤ በየመሃሉ ይጋጫሉ።

«አባባ፣ ልጓሙን እንደ በር እጀታ አይጎትቱት!» ትጮኻለች መሪዋ። «እማማ በሩን ከፍታ የምትወጣ አይደለችም!»

ሙሽራው በስልኩ ይቀርፀዋል። ማታ ማታ ባልና ሚስቱ አንዳቸው የሌላውን ቦቲ ይጎትታሉ፤ ጋሽ ወስፌ ግን ብቻውን ነው። ቀኝ እጁ ቦቲውን አጥብቆ መሳብ እምቢ ሲለው በግራው ሞከረ፤ አቃተው። በሁለተኛው ቀን ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ጭኑ እሳት እንደ ነካው እየተቃጠለ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አላለቀሰም። ለማልቀስ እንኳ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋበት።

ዓርብ ከሰዓት መሪዋን ብቻዋን አገኛት።

«ነገ ከቀዮቹ አንዱን ጫኚልኝ።»

«ምን? ለእንስሳዋ አያዝኑላትም?»

«የቆዳ ሥራ አውቃለሁ። ምኑ እንደሆነ ካየሁ ላስተካክለው እችል ይሆናል። ቀላል ሰው ነኝ፤ ሁለት ሰዓት ብቻ።»

ልጅቷ እላይ ታች አየችው። «ለዚህ ነው እንዴ የመጡት? እኔ እኮ ሚስትዎ አባርራዎት መስሎኝ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ሁለት ሰዓት። አንድ ደቂቃ ካለፈች በእግርዎ ነው የሚመለሱት።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወሩ የሚያልቅበት ቅዳሜ፣ ገና ጤዛው ሳይደርቅ ወጡ። ጋሽ ወስፌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የሰፋው ኮርቻ ላይ ተቀመጠ። ተመቸው። ይህ ነው የከፋው፤ ተመቸው። ዳገቱን ሲወጡ፣ እማማ ጆሮዋን ቀስራ ስትራመድ፣ ጀርባው ቀና ብሎ ለትንሽ ጊዜ ሁሉንም ረሳ። መሪዋም «ኧረ ዛሬስ ሰው መስለዋል!» አለችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እማማ ጭራዋን ማወናጨፍ፣ ወደ ጎን መሸሽ ጀመረች። አላዋቂ ጋላቢ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳት፣ እያለ ራሱን አጽናና። ደግሞ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ደግሞ ሸሸች።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ወረደ፤ የሆዷን ጠፍር ፈታ፤ ኮርቻውን አነሳ። የእማማ ጀርባ በላብ ረጥቧል። ትከሻዋ ሥር ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ደረቅ ናት፤ ጠጉሩም ተነጭቷል። ጣቱን ሲያስጠጋ እማማ ቆዳዋን አንቀጠቀጠች።

ኮርቻውን ሣሩ ላይ ገለበጠው። ጠጉሩን በጠርዙ ቀዳዳ መዝዞ አየ፤ ንጹሕ ነው፣ የተፍታታ ነው፣ አንድ ቋጠሮ የለበትም። የባዘቶ ሥራ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ ጥፍሩን ስፌቱ ላይ አስኬደ። ግራ እጁ የሳበው ክር ቆዳው ውስጥ ተቀብሯል። ቀኝ እጁ የሳበው ክር ግን ላልቶ ተንሳፍፏል፤ ጥፍሩ ሥሩ ገባ። ክብደት ሲያርፍበት ስፌቱ ይከፈታል፣ ጠጉሩ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ደረቁ የቆዳ ጠርዝ የእንስሳዋን ጀርባ ያገኛል። እዚያ የእንጨት ፈረስ ላይ ስንት ዓመት ቢጫን ይህ አይታይም ነበር።

«አገኙት?» አለች መሪዋ።

«አገኘሁት።»

ወስፌውና ክሩ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ዛሬውኑ ተቀምጦ ሦስቱንም ሊያጠብቃቸው ይችላል፤ በግራው ደግሞ ደጋግሞ ቢስብ ይይዛል። ማንም ሳያውቅ ሊመለስ ይችላል። ሰኞ በባዘቶ ቦታ ሌላ ሰው ይኖራል፤ እሱ ደግሞ በዚያው ወንበሩ ላይ፣ በዚያው ሹራቡ። እንዴት ቀላል እንደሆነ አየና ፈራ።

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው።

ኮርቻውን ትከሻው ላይ አነሳው፤ እማማን በልጓሟ ያዘና ቁልቁለቱን ጀመረ።

«እኔ ፈረስ ላይ ይጫን እንጂ! ገና ብዙ መንገድ ነው» አለች መሪዋ።

«የኔ ነው፤ እኔ እሸከመዋለሁ።»

መንገዱ ድንጋይ ነው። ጭኑ ተልጧል፤ ቀኝ እጁ ልጓሙን ሁለት ጊዜ ለቀቀበት፤ እማማ ሁለቱንም ጊዜ ቆማ ጠበቀችው። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። የልጁ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሰው «ምን ትሠራለህ» ቢለው የሚመልሰውን ፈለገ፤ አጣ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ኮርቻውን ውሃው ውስጥ ቢወረውረውስ ብሎ ቆመ። ከዚያ መራመዱን ቀጠለ።

ከማረፊያው በር ላይ ሙሽራው ስልኩን አንስቶ ጠበቀው።

«አባባ፣ ማን ማንን ነው የሚጋልበው?»

ማንም አልሳቀም። ሙሽሪት የባሏን እጅ ዝቅ አደረገችው።

የማረፊያው ቢሮ ስልክ ጋ ቆሞ ሰዓቱን አየ፤ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ደወለ።

«ሃሎ?» የባዘቶ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ! ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ስልክ ይደውላል እንዴ? አርፈህ ተኛ እንጂ!»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማበጠሪያዬን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነው። የግሌ ነው፤ ለሚመጣው ሰው አልተውለትም።»

«መልሰሽ አስቀምጪው።»

«ምን አልክ?»

«ስፌቱ ነው። ጠጉርሽ ምንም አልሆነም፤ በዓይኔ አየሁት። ስፌቱ ላልቶ ነው። ቀኝ እጄ... ከስምንት ወር ጀምሮ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ጋዜጣው ሲገለጥ ሰማ። 

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እጅህን። ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ የጀመርክ ቀን ነው ያወቅኩት። ምሳ ስትወጡ እኔ እቀር አልነበር? ጠጉሩን ከመሙላቴ በፊት ክርህን አንድ በአንድ በወስፌ እየሳብኩ አጠብቀው ነበር። የማረፊያው ሥራ ጊዜ ግን ባለቤቷ አጣደፈችኝ። ሦስቱ አመለጡኝ።»

 

«ታዲያ ደብዳቤው ሲነበብ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? ጋሽ ወስፌ አልቆለታል ልበል፣ በሰው ፊት? አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰነጠቀ። «ሦስት ሳምንት ጠበቅኩህ፣ ጋሼ።»



«ባለቤቷን አገናኚኝ» አለ።

«ተወው። እኔ የትም ገብቼ እሠራለሁ። አንተ በዚህ ዕድሜህ የት ትገባለህ?»

«አገናኚኝ አልኩሽ እኮ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማ። ባዘቶ ስትጣራ፣ ከዚያ የባለቤቷ የተረከዝ ኮቴ እየቀረበ ሲመጣ ሰማ። የስልኩ እጀታ ከቀኝ እጁ ተንሸራተተ፤ በግራው ያዘው።

«ጋሼ? ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ባዘቶን እንዳታሰናብቺያት። ከዚያ ቤት የሚወጣ ካለ እኔ ነኝ። ኮርቻዎቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምን እያልክ ነው?» አለች። ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣ «ከመቼ ጀምሮ?»

ከመስኮቱ ውጭ መሪዋ የእማማን ጀርባ በለብ ያለ ውሃ ታጥባለች። ጋሽ ወስፌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ብርጭቆው ከእጁ ከወደቀበት ጠዋት ጀመረ።