በጾም የወረደው ካራ

ትናንት ገዝተሽ ባመጣሽው ጥቁር ቢላዋ ሎሚ ስቆርጥ ቅቡ ተልጦ ጣቴ ላይ ቀረ። ከሥሩ ብረቱ ብቅ አለ፤ የሎሚና የብረት ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ገባ። ቢላዋውን አስቀምጬ ስወጣ ምን ሆንሽ አልሽኝ። አብረን ስለምንኖር ፊት ለፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከእናቴና ከአጎቴ ጋር እኖር ነበር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከእሱ በታች ሌላ ወንድም ነበራቸው፤ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገደለው። ገዳዩ ታሰረ፤ ነገሩ በቤታችን ሳይነሳ ብዙ ዓመት ኖረ።

አጎቴ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ የበግ ማረጃ ካራ ነበረው። የሁዳዴ ቅበላ ዕለት፣ የመጨረሻው ሥጋ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ካራውን አጥቦ፣ ሰምና ጥላሸት አቅልጦ፣ ስለቱን ከነጫፉ ይለብጠውና ጣራው ሥር ይሰቅለዋል። እስከ ፋሲካ ዋዜማ ማንም አይነካውም። “እሱም ይጹም” ይል ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ጾሙ ሳይጋመስ አወረደው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ላይ ፍም አድርጎ ተቀምጧል። ሎሚ፣ አመድና የበቆሎ ቆረቆንዳ አምጪ አለኝ። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ነበርኩ፤ እንደ ልቤ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን እሱም ዝም ስላለ እኔም ዝም አልኩ። ሲቆይ ቀና ብሎ፣ “ምላስሽን ከካራው ጋር ሰቅለሽው ነበር እንዴ? እሱስ ወረደ” አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ካራውን ከፍሙ በላይ ሲያገላብጠው ሰሙ መጀመሪያ አላበው፤ ከዚያ ጥቁር ጠብታ እየሆነ ወረደ። የቀረውን በቀንድ ስባሪ ፋቀው። እዚህም እዚያም ቡናማ ዝገት ነበር፤ እሱን በሎሚ እያራስኩ በአመድና በቆረቆንዳው እንድፈትገው ሰጠኝ። ሲጨርስ ከላህ ወንዝ ባመጣው ልስልስ ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ እያደረገ ይስለው ጀመር። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ብረቱ ነጥቶ ነጥቶ ዓይኔን አየሁበት። የእጄ ሥራ ነው ብዬ ኮራሁ።

ጎረቤታችን አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ቆመ።

“በርቱ። ለምንድን ነው?”

“ለበግ” አለ አጎቴ።

ጎረቤቱ እኔን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያ በግ ስድስት ዓመት ሲቀለብ ከርሞ ተለቋል አሉ። ቅዳሜ ማንኩሳ ገበያ ይወርዳል።”

“ሰምቻለሁ።”

“ከሰማህማ ደግ። ሰው ግን ጆሮው ደንቁሯል እያለህ ነው።”

አህያውን ነድቶ ሄደ። እኔ ስድስት ዓመት የተቀለበ በግ ምን ያህል ይሰባ ይሆን እያልኩ ካራውን በጨርቅ እወለውላለሁ።

እናቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የተቃጠለው ሰም ሸተታት። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። “ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት አለው” አለች።

“እንዳይዝግ ብዬ ነው።”

“በሰም የተለበጠ ብረት ይዝጋል?”

ካራውን ከእጄ ወስዶ አፎቱ ውስጥ ከተተው። ወደ ቤት ይዛኝ ገባችና በጉ ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችኝ። “ሁለት ወንድም ነበረኝ። የቀረኝ አንድ ነው” አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። እጄን አየሁት፤ ሎሚው ጣቴን ይለበልበኝ ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ጠርታ አጎቴን አስለመነችው። አጎቴ መስቀሉን ተሳለመ፤ ካራውን ግን መልሶ አልሰቀለውም።

ዓርብ ከሰዓት እሱ ማሳ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ካራውን ከአፎቱ አወጣሁ። አትሂድ ብዬ መናገር አልችልም፤ ያየሁትን መሥራት ግን እችላለሁ። የእናቴን የጸሎት ጧፍ አቀለጥኩ፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ፤ ስለቱን ለበጥኩት። እፍ እያልኩ አደረቅሁትና መለስኩት።

ቅዳሜ ማለዳ አጎቴ ነጠላውን አጣፍቶ ካራውን መዘዘ። ቆሞ አየው። በጥፍሩ ጫር አደረገና አሸተተው። የጧፍ ሽታ የማያውቅ የለም። ከዚያ ጣቶቼን አየ፤ ጥላሸቱ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም ነበር። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ጫፉን ረሳሽው” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ዓይኔን ስገልጥ ካራው ቦታው ተሰቅሏል። ዱላውን ብቻ ይዞ ወጣ። በአጥሩ ቀዳዳ በዓይኔ ተከተልኩት። መንገዱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በአንዱ በኩል ማንኩሳ ነው፣ በሌላው የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ።

ያን ቀን ቤታችን እሳት አልነደደም። አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ከገበያ ሲመለስ፣ ከእስር የተፈታው ሰውዬ ጨው ገዝቶ በሰላም መግባቱን፣ አጎቴም ገበያ አለመታየቱን እያጉረመረመ ነገረን። እናቴ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች።

አጎቴ ግን አልተመለሰም። የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው እኛ አገር ከማን ጋር ተቀምጦ ጠላ እንደሚጠጣ አሁን ሳስበው፣ መመለሻ አልነበረውም። አንዱ መተማ የሰሊጥ እርሻ ላይ አየሁት አለ። ሌላው እሱ አይደለም አለ።

ባለፈው ሁዳዴ ከቡሬ ተነስቼ ቤተሰብ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ካራውን አወረድኩት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለፋሲካ በግ የሚታረደው በጎረቤት ካራ ነበር። የረሳሁት ጫፍ ዝጓል፤ ዝገቱም በሰሙ ሥር ሥር ሄዶ ስለቱን እስከ ግማሹ በልቶታል። ደጅ ላይ ፍም አደረግሁ። ሰሙን አቅልጬ ፋቅሁት፤ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። ብረቱ ተቦርቡሮ ነጣ። አልሳልኩትም።

እናቴ ሽታው ደርሷት ከጓዳ ወጣች። ፋሲካ ገና ነው አላለችኝም። ጧፍ ይዛ ነበር፤ አቀበለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ ያደረግሁትን አታውቅም ብዬ ነበር የኖርኩት።

“ጫፉን እንዳትረሺ” አለችኝ።