እናቴ ስለ አባቴ የሄደችው መንገድ

አባቴ ቄስ ነበሩ። ጣሊያን ቡሬ በገባ ጊዜ ግን ጉልበታቸው ተይዞ መቅደስ መግባት ካቆሙ ቆይተው ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ዛሬዋ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረ፤ የደብሩ ደወል እስከ ደጃችን ይሰማል። እሑድ ጠዋት ሲደወል አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔ ያኔ ባሌን ፈትቼ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ነበርና ይህን በየሳምንቱ አያለሁ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እናቴማ “እኒህን ሰው አንድ ቀን ቆመው ሲቀድሱ ባያቸው” ከማለት ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ቡሬ ላይ ጣሊያኖች ሐኪም ቤት ከፍተው ነበር። ሐኪሙ ሊመረምር የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ያረጀ ሰው አኗኗሩን ለውጦ በየቀኑ ቢራመድ የተያዘ ጉልበቱ ይፈታለት እንደሆነ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አለቆቹ ፈቅደውለታል ተባለ። ጉልበታቸው የተያዘ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ሰብስቦ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ጠዋት ጠዋት ይሄዳሉ፤ ግማሾቹ እንደ ድሯቸው ይኖራሉ። በገበያ ቀን መጥቶ ጉልበቱን ላሳየ ሁሉ ጨውና ሳሙና ይሰጠዋል። አገሩ ሁሉ ሳቀ። በእግሩ ለሄደ ሰው ጨው የሚሰጥ መንግሥት ማን አይቶ ያውቃል? እንደ ድሯችሁ ኑሩ የተባሉት ደግሞ “እኛን ምን ቢንቀን ነው?” ብለው ተቀየሙ።

አባቴ የጠላት ጨው ቤቴ አይገባም ብለው አሻፈረኝ አሉ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። በመጨረሻ በበቅሎ ወሰድናቸውና ከሚሄዱት ወገን ተመደቡ። ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል “በየቀኑ ጠዋት ከቤትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰው ይመለሱ” አላቸው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንግዳ አልነበረም። አባቴ የብዙ ሰው የንስሐ አባት ናቸው፤ ስገድ፣ ጹም እያሉ ቀኖና ሲሰጡ ኖረዋል። ቀኖና የተቀበለው ሰው ከታመመ በእኛ መንደር ሚስቱ ወይም ልጁ ትሰግድለታለች። እናቴም አላመነታችም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ “እርስዎ አይልፉ፣ እኔ እሄድልዎታለሁ” አለችና ወጣች። ዝናብ ቢጥል፣ ጭቃው ቢያዳልጥ አላስታጎለችም። አባቴ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቋትና ስትመለስ “እግዜር ይስጥልኝ” ይሏታል። እኔንም ቢሆን ምንም አልከነከነኝም።

በገበያ ቀን ሐኪሙ የአባቴን ጉልበት ሲያጥፍ፣ ሲዘረጋ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ።

“በየቀኑ ሄደዋል ወይ?” አለ አስተርጓሚው።

“አንድም ቀን አልታጎለም። ባለቤቴ ሄዳልኛለች” አሉ አባቴ ኮራ ብለው።

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ሲነግረው ሐኪሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አባቴ ተቆጡ።

“ለነፍስ የሚሆነው ለጉልበት እንዴት አይሆንም? እስቲ ጠይቅልኝ!”

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠና አጠገባቸው የቆመችውን እናቴን ትክ ብሎ አያት። “እንግዲያው አብረው ይሂዱ” አለ።

ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ጠዋቶች ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል። በአገራችን ባል ከፊት ይሄዳል፣ ሚስት ከኋላ ትከተላለች። አባቴ ግን ብቻቸውን መቆም ስለማይችሉ ክንዳቸውን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ የጎረቤቱ አጥር ድረስ፣ ቀጥሎ ወንዙ ድረስ፣ ሲሰነብት ደብሩ ድረስ ሆነ። ስንት ልጅ አብረው ወልደው አውርተው የማያውቁትን ያወሩ ነበር መሰለኝ፤ ከሩቅ የእናቴን ሳቅ እሰማለሁ። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ገና ሳይጸና የሐኪሙ ገንዘብ ተቋረጠ። በደጋ ዳሞት በኩል አርበኞቹ በርትተው ነበርና አለቆቹ ለምሽግ እንጂ ለሽማግሌ ጉልበት የሚወጣ ገንዘብ የለንም አሉት። አስተርጓሚው ይህን የነገረን በተዘጋው ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ነው። ጨው ሲቀር ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሄዱን እርግፍ አድርገው ተዉት። የእኔ ወላጆች አልተዉም። ሐኪሙ የጠየቀው ጥያቄ መልስ እኛ ደጅ በእግሩ ሲመላለስ እሱ ሳያየው ከአገር ወጣ፤ ጠላትም ቢሆን ያሳዝነኛል።

በፋሲካ አባቴ ቀደሱ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለቀሰች።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሰው ከአርበኞቹ ዘንድ መጣ። ሰው ያለ ንስሐ እየሞተ ነው፣ ቄስ አጣን አለ። አባቴ መስቀላቸውን አንሥተው “እግር የተሰጠኝ ለዚህ ነው” አሉ። እናቴ አልከለከለቻቸውም። ወንዙ ድረስ ጎን ለጎን ሄደው ሸኘቻቸውና ብቻዋን ተመለሰች።

ጣሊያን ወጣ፤ የሰው ባል፣ የሰው አባት እየፎከረ ገባ። የእኛ ቀሩ። አንድ ነጋዴ ብቻ በደጋ ዳሞት የፈረስ ቤት ከተማን ዐቀበት ሲወጡ አይቻቸዋለሁ አለን። እናቴ “በእግራቸው?” አለችው። አዎን አላት። “በእግራቸው?” ብላ ደግማ ጠየቀችው።

ነጋዴው ሲሄድ እኔ ንዴቴን መቻል አቃተኝ። “ያን ሐኪም ባናውቀው ኖሮ ይኸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ነበር!” ብዬ ጮህኩባት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። “ተቀምጠውማ፣ ልጄ፣ እዚሁ እያሉም ይናፍቁኝ ነበር” አለችኝ።