የሄስተር ትራንተር ቂም

የአውሮፕላን ክንፍ ጨርቅ ይለብስ በነበረበት ዘመን፣ ሄስተር ትራንተር የክንፍ ጨርቅ ሰፊ ነበረች። እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሚስተር ኬላዌይ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰፋ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ኬላዌይ ድርብ ክንፉን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን መንገደኛ ማመላለሻ ሊያደርገው ተነሣ። ቦምብ በነበረበት ሆዱ ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ መስኮት ተበጀለት። ጅራቱ ግን ከበደ።

አብርሮ የሚሞክረው የሄስተር ታናሽ ወንድም ዊልፍ ነበር። «አፍንጫው ሽቅብ ከሄደ አይመለስልኝም፤ መጀመሪያ ጅራቱ ይስተካከል» አለ።

ኬላዌይ ጋዜጠኞች ጠርቷል። «ከፈራህ ሌላ አብራሪ አላጣም» አለው።

ዊልፍ አውሮፕላኑን ይዞ ተነሣ፤ ሜዳውን ሳይጨርስ ተከስክሶ ሞተ። ኬላዌይ መርማሪዎቹ ፊት ቀርቦ «ልጁ ጠጥቶ ነበር» ብሎ መሰከረ። እነ ሄስተር ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም።

ሥራዋን ትለቃለች ስንል እዚያው ቀረች። አንድ ቀን መርፌዋን እንደያዘች፣ «ዶሊ፣ ይሄን ስፌት ባላላው ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«አብራሪው ይሞታላ።»

«እሱ ነው የያዘኝ» አለችና ክሩን ጠበቅ አደረገችው።

በዓመቱ ሁለተኛው አውሮፕላን ተሠራ፤ ጅራቱ እንደዚያው ነው። ከሆላንድ ገዢዎች መጡ። ኬላዌይ ሊያሳፍራቸው ሲል ሄስተር ሽርጧን እንደታጠቀች መሀል ገባች።

«ጌታዬ፣ እርስዎም ይሳፈሩ እንጂ። እኔ ፊት፣ እርስዎ ከኋላ፣ ጅራቱ ጋ።»

«ወደ ሥራሽ ተመለሽ።»

«ምነው? ወንድሜን የጣለው መጠጥ ነው አላሉም? የዛሬው አብራሪ አልጠጣም፤ ከፈለጉ አፉን ያሽትቱ።»

ሠራተኛው ሳቀ። ሽማግሌው ሆላንዳዊ ግን ሳይስቅ፣ «ልክ ናት፤ እርስዎ ይቅደሙ» አለው።

ኬላዌይ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ፤ መልሶ አወረደው። «ወገቤን ያመኛል» አለ።

«ዊልፍንም ወገቡን ባመመው» አለች ሄስተር።

ገዢዎቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። ወሬው ተሰማ፤ ሌላም ገዢ አልመጣም፣ ፋብሪካው ተዘጋ። እኛም ከሥራ ወጣን። እኔ ራሴ ክረምቱን ሙሉ አኩርፌያት ነበር፤ እሷ የጀልባ ሸራ ትሰፋ ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኬላዌይ ከዘራውን ተደግፎ ሸራ ቤቷ ድረስ መጣ። «ሄስተር፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«እዚያው መርማሪዎቹ ፊት ቁምና፣ ዊልፍ አልጠጣም በል። ከዚያ ና።»

አልሄደም። ሲሞት አስከሬኑ በሠረገላ ተጭኖ በመንገዳችን አለፈ። እኛ የአገራችን ወግ ነውና ለሟች ክብር መጋረጃችንን ዘጋን። ሄስተር መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሠረገላው እስኪታጠፍ ቆማ አየችው።